ጣሪያው ሳይጠገን ይመዝገብ፦ ለጅማ ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር
ለየቀበሌው አመራሮች
ጅማ

ጉዳዩ፦ ንፋስ፣ በረዶና ጎርፍ የሚያደርሱትን ጉዳት ከነዋሪው በኦንላይን ፎርም ስለመቀበል

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምተዳደረው በጽሕፈትና በኮፒ ሥራ ነው። በጅማ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሰው የእኔን ዓይነት ሱቅ መርገጡ አይቀርም። ስለዚህ ወቅቱን በሚጻፈው ወረቀት እለየዋለሁ። ሐምሌ ሲሆን የግብር ነው። መስከረም ላይ የተማሪ ጉዳይ ይበዛል። በልግ ሲገባ ደግሞ "ጉዳዩ፦ የቤቴ ጣሪያ በንፋስ ስለተነሳብኝ ድጋፍ ስለመጠየቅ" የሚለው ይጀምራል። ከዚያ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" የሚለውን ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ነው። ስም ይቀየራል፣ የቤት ቁጥር ይቀየራል፣ ችግሩ ያው ነው።

ወረቀቱ ከሱቄ ከወጣ በኋላ የሚሆነውንም አውቃለሁ። ሰዎቹ ተመልሰው ይነግሩኛል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል። "ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል" ይባላል። ዝናቡ ግን ኮሚቴ አይጠብቅም። ልጅ ያለው ሰው ሰማይ እያየ አያድርም። ተበድሮም ቢሆን ቆርቆሮ ይገዛል፣ ጎረቤት ተጠራርቶ ይመታለታል። ኮሚቴው ሲደርስ ቤቱ ጣሪያ አለው። "ታዲያ ጉዳቱ የታለ?" የሚባለው ያኔ ነው። ቶሎ የጠገነ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ሸፍኗል። ያልጠገነው ደግሞ ማስረጃ ይጠፋብኛል ብሎ ፕላስቲክ ሸራ ወጥሮ ይጠብቃል፤ ፍራሹ ይበሰብሳል፣ የጭቃ ግድግዳው ውኃ ይጠጣል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። አሠራሩ የአንድ ቢሮ ብቻ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ይህንን ነው። ከመጪው በልግ በፊት ከተማው አንድ አጭር የጉዳት መመዝገቢያ ፎርም ያዘጋጅ። ነዋሪው ንፋሱ እንደቆመ በስልኩ ይክፈተው፣ ፎቶ ያንሳ፣ ይላክ። ከዚያ ሳይፈራ ይጠግን። ኮሚቴው ሲመጣ ፎቶው ከነቀኑና ከነቦታው ይጠብቀው። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ደብዳቤ ይህ ቀላል ነገር በምን በምን እንደሚበላሽ ነው።

መጀመሪያ ስለ ንፋሱ ትንሽ ልበል። ለጅማ ዝናብ ብርቋ አይደለም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንብባታል። የሐምሌና የነሐሴውን ለምደነዋል፤ ቀኑን ሙሉ ቢወርድም ጠባዩ ይታወቃል። አስቸጋሪው የበልጉ ነው። ጠዋት ፀሐይ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ይመጣል፣ ዝናቡን ቀድሞ ንፋስ ይደርሳል። ይህ ንፋስ ከነጎድጓዱ ደመና ሥር ቁልቁል የወረደ ቀዝቃዛ አየር ነው። መሬት ሲመታ ወደየአቅጣጫው ይሮጣል። ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በጠባብ ቦታ ላይ ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ላይ ቆርቆሮ ሲበር እዚሁ ጅማ መርካቶ ያለ ሰው በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። አንድ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ይህን ልዩነት አያየውም። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚያየው። ከነዋሪው መስማት አማራጭ የሌለው ለዚህ ነው።

ጣሪያ እንዴት እንደሚነሳ ማወቅም ይጠቅማል። ፎርሙ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው። ብዙ ሰው ንፋስ ቆርቆሮውን ከጎን ገፍቶ የሚወስደው ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ወደ ላይ ስቦ ነው የሚነቅለው። ንፋሱ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ከላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። በተከፈተ በርና መስኮት የገባው ደግሞ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል። ጉልበቱ የሚበረታው በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ምስማር ከተቆጠበ፣ ወይም ምስማሩ የያዘው እንጨት ከበሰበሰ፣ አንዷ ቆርቆሮ ትነሳለች። ሌሎቹ ይከተሏታል። ቆርቆሮው ራሱም ይለያያል። ጌጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይቀጥናል። ብር ያጠረው ሰው የሚገዛው ስሱን ነው። እንግዲህ ፎርሙ "ጣሪያ ተነስቷል?" ብሎ ካቆመ ለዘንድሮ ይረዳል። "ከየት በኩል ጀመረ? በምን የታሰረ ነበር?" ብሎ ከጨመረ ለከርሞ ግንባታም ይተርፋል።

ሌላ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት አይስታት የሚባል የኦንላይን ፎርም አለው። ማዕበል ወይም ጎርፍ ሲያልፍ ነዋሪው የደረሰበትን ራሱ ይሞላበታል። ሚሲሲፒም ተመሳሳይ አላት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ግዛቱ የፌዴራል መንግሥቱን እርዳታ ሲጠይቅ የተቆጠረ ጉዳት ማሳየት ይኖርበታል። ቤቶቹም በደረጃ ይመደባሉ፦ የተነካ፣ መጠነኛ ጉዳት የደረሰበት፣ ከባድ ጉዳት የደረሰበት፣ የወደመ። እኔ የወደድኩላቸው ግን ግልጽነታቸውን ነው። ፎርሙን መሙላት እርዳታ ለማግኘት ዋስትና እንደማይሆን፣ ለኢንሹራንስ የሚቀርበውን ጥያቄም እንደማይተካ እዚያው ያሳውቃሉ። የኢንሹራንሷ ነገር እኛ ጋ ብዙም ሥራ የላትም። የብዙ ሰው ኢንሹራንስ እድሩ ነው። የዋስትናዋ ግን በትልቁ ትጻፍ። ሰው ፎርም ሞልቶ በማግስቱ ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ደጁ እንዲቆም ከጠበቀ በሚቀጥለው ዓመት የሚሞላ አይገኝም።

የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ደግሞ ስለ በረዶ ከሰው ሪፖርት ይቀበላል። የበረዶውን መጠን በሳንቲም እያስተያየ መግለጽ እዚያ የተለመደ ነው። እኛ ሽምብራ፣ ባቄላና እንቁላል አሉን። ሰውን በሚሊ ሜትር ገምት ከማለት ከእነዚህ አንዱን ምረጥ ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሚያሰጋኝ አንድ ነገር አለ። ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ተጠርቶ "ፎርም ሥራ" ይባላል። በግማሽ ሰዓት ጎግል ፎርም ይሠራና ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። በቃ፣ ዲጂታል ሆንን። ጎግል ፎርምን አልጠላውም። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው። ነገር ግን ፎቶ ይያያዝ ከተባለ የሚሞላው ሰው በጎግል አካውንቱ ካልገባ አይቀበለውም። የብዙ ሰው አካውንት የተከፈተው ስልኩን በሸጠለት ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉን ማን ያስታውሳል? እዚህ ላይ ብቻ ስንቱ ከደጅ ይመለሳል።

ቀኑም ጣጣ አለው። የቀን መምረጫው የሚያሳየው የፈረንጅ ካላንደር ነው። ሚያዝያ 12 ጣሪያው የተነሳበት ሰው ኤፕሪል 12 ብሎ ይሞላል። ሚያዝያ 12 ግን ኤፕሪል 20 ነው። 8 ቀን ጠፋ ማለት ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሆነውን "9:00" ብሎ የጻፈ ሰው ለኮምፒውተሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በኋላ ይህን ከሚቲዎሮሎጂ መረጃ ጋር የሚያስተያይ ባለሙያ ሰማይ ብራ በነበረበት ጠዋት የበረሩ ጣሪያዎች ያገኛል። ከዚያ "የሕዝብ መረጃ አይታመንም" ይባላል። የተሳሳተው ግን ፎርሙ ነው።

ኮቦ ቱልቦክስ የሚባል የዲጂታል ፎርም መሥሪያና መሙያ መሣሪያ አለ። በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በእኛም አገር መረጃ ሰብሳቢዎች ይዘውት ይዞራሉ። ኔትወርክ በሌለበት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። አንዱን ፎርም በብዙ ቋንቋ ማሳየት ይችላል። በስልኩ መተግበሪያ ላይ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። ፎቶውንም አሳንሶ እንዲልክ ይታዘዛል፤ ፓኬጅ በሜጋባይት ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የግድ እሱ ይሁን አልልም። የሚመረጠው መሣሪያ ግን ይህን ሁሉ ይቻል።

ቋንቋው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይሁን። አንዱ የሌላው ግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን ሁለቱም ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይመረጡ። ጅማ ውስጥ ዳውሮኛ፣ ካፍኛና የምኛ በቤቱ የሚያወራም አለ። ለእነሱም፣ መጻፍ ለሚከብደውም፣ የድምፅ መቅጃ ቁልፍ ይኑር። እናቶች ችግራቸውን በደቂቃ ተናግረው ይጨርሱታል። በጽሑፍ ቢሆን ልጃቸውን ሲጠብቁ ይመሻል።

ገና ፎርሙ ሲከፈት በቀይ የሚታይ አንድ ማሳሰቢያ ይኑር። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያየ ሰው ፎርም አይሙላ። ይራቅ፣ ልጆችን ያርቅ፣ ወደ 905 ይደውል። ሰው ከፍርስራሽ ሥር ካለም እንደዚሁ፤ ጩኸትና ስልክ ይቀድማል።

ጥያቄዎቹ ይጠሩ። ስልክ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። የቤት ቁጥር ለሌለው ደግሞ ምልክት፦ "ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ"። እኛ ሰፈር ጂፒኤስ ከሚያሳየው ይልቅ ይህን ይዞ የሚሄድ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ ሁለቱም ቢኖሩ ደስ ይለኛል። ቀኑና ሰዓቱ። ጉዳቱ በደረጃ፣ ማንም በሚረዳው ቃል፦ ጥቂት ቆርቆሮ ተነሳ፣ ግማሹ ተነሳ፣ ሙሉው ተነሳ፣ ግድግዳም ወደቀ። ውኃ ገብቶ ከሆነ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው እስከ ጉልበት። የተጎዳ ሰው አለ ወይ። ዛሬ ማታ ማደሪያ አለ ወይ። ይህችን የመጨረሻዋን ሌሎች ፎርሞች ይረሷታል። መጀመሪያ መነበብ ያለባት ግን እሷ ናት።

ጓሮውም ይጠየቅ። ጅማ ከተማ ብትሆንም ወደ ጂሬንና ወደ ዳርቻዎቹ ወጣ ሲባል ጓሮው ቡና ነው። አቮካዶ፣ ሙዝ፣ እንሰት አለ። ቡና በሚያብብበት ሰሞን በረዶ የወረደበት ሰው ጣሪያው ስላልተነሳ ብቻ ጉዳት አልደረሰበትም ሊባል አይችልም። የዓመት ገቢው መሬት ላይ ነው የተነጠፈው።

አንድ ጥያቄ ግን እንዳይገባ እለምናችኋለሁ፦ "የይዞታ ካርታ አለዎት?" ይህች ጥያቄ በገባችበት ፎርም ላይ የከተማው ዳርቻ በሙሉ ዝም ይላል። ጨረቃ ቤት የሚኖር ሰው ጣሪያው በሮ ቢሄድም አያመለክትም። ቤቱን ማስመዝገብ ለአፍራሽ ግብረ ኃይል አድራሻ መስጠት ነው ብሎ ያምናል። ቤቱ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ በሌላ ቀን እንከራከርበታለን። ንፋሱ ካርታ አይጠይቅም። ስስ ቆርቆሮ የለበሱት፣ ከገደል አፋፍና ከወንዝ ዳር የተጠጉት አብዛኞቹ እነዚህ ቤቶች ናቸው። እነሱ የሌሉበት የጉዳት መረጃ የደህና ሰፈሮች መረጃ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ "ይህ መረጃ ለይዞታ ማጣሪያም ሆነ ለግብር አይውልም" ተብሎ ይጻፍ። ተጽፎም ይከበር። በዚህ መረጃ አንድ ቤት ብቻ ቢፈርስ ወሬው በአንድ ሌሊት ከተማውን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ ፎርሙን መዝጋት ይቀላል።

የቀበሌ ቤት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ጣሪያው ቢነሳበት ባለቤቱ መንግሥት ነው። በራሱ ልጠግን ቢል ፈቃድ ይጠየቃል። ዝም ብሎ ቢጠግን "ማን ፈቀደልህ?" ሊባል ይችላል። ለእነዚህ ቤቶች ፎርሙ የጥገና ጥያቄም ሆኖ ቢያገለግል ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል። የግል ተከራዩም ሌላ ነው። ጣሪያው የአከራዩ ነው፤ የረጠበው ፍራሽ፣ የተበላሸው ጤፍና የልጁ ደብተር የተከራዩ ነው። አንድ ቤት፣ ሁለት ጉዳት። ሁለቱም ያመልክቱ። ቤቱ ግን ሁለት ተብሎ እንዳይቆጠር በቤት ቁጥሩ ይጣመር።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። ጣሪያ የነቀለ ንፋስ የመብራት ምሰሶም ይጥላል። መብራት ሲጠፋ ስልክ ይዘጋል። ውሎ ሲያድር ኔትወርኩም ይደክማል። ስለዚህ በጣም የተጎዳው ሰፈር በጣም ዘግይቶ ያመለክታል፤ ወይም ጭራሽ አያመለክትም። የደረሱት ማመልከቻዎች በቀይ በሚታዩበት የከተማው ካርታ ላይ ያ ሰፈር ነጭ ሆኖ ይታያል። ስማርት ስልክና ዳታ ያለው፣ ፎርም መሙላት የለመደ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ደግሞ አሸንዳ ስለተጣመመበት ካርታውን ያቀላዋል። ኃላፊው ቀይ ያየበት ይሄዳል። ድጋፉም ተከትሎት ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ፎርሙ ከድሮው ማመልከቻ ይብሳል። ማመልከቻው ቢያንስ ሁሉንም እኩል ያመላልስ ነበር።

ነጩን ሰፈር የሚሞላው ሰው ነው። እድር አባላቱን በስም ያውቃል። ማን ብቻዋን የምትኖር አሮጊት እንደሆነች፣ የማን ቤት እንዳዘመመ ያውቃል። መዝገብ አለው፣ ጡሩንባ አለው። ከየእድሩ አንድ ሰው ፎርሙን መሙላት ይሠልጥን። ስልክ ለሌለው ቤት እሱ ይሙላለት፤ የራሱን ሳይሆን የባለቤቱን ስም አስገብቶ። ለዚህ ሥራ የካርድ ወጪው ይሸፈንለት፤ በጎ ፈቃድ ብቻውን ፓኬጅ አይሞላም። ጅማ ዩኒቨርሲቲም አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መለያው ያደረገ ተቋም ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሰፈር የሚወጡበት የቆየ ልምድ አለው። ካርታው ላይ ዝም ወዳለው ሰፈር ስልክ ይዘው የሚሄዱት እነሱ ቢሆኑ ለትምህርታቸውም ይሆናል። በዩኒቨርሲቲው ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ያሉት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ፎርሙንም ካርታውንም ለመሥራት አያቅታቸውም። ከተማው ጠይቋቸው ያውቃል ወይ ነው ጥያቄው።

ተራ ስልክ ላለውም መንገድ አይጠፋም። ለገበሬው የተከፈተውን 8028 አስቡት። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነፃ የስልክ መስመር ነው። ገበሬው ደውሎ የእርሻ ምክር በቋንቋው ይሰማል፣ ቁጥር እየነካ ይመርጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ቀሪ ሒሳብ ለማየት *804# የማይጽፍ ሰው የለም፤ እሱም ያለ ዳታ ነው የሚሠራው። ጣሪያ ከተነሳ 1፣ ውኃ ከገባ 2 ብሎ ቀበሌን ማስመረጥ በዚህ መንገድ ይቻላል። የዚህ ዓይነት መስመር ከቴሌ ጋር መነጋገር ስለሚጠይቅ ለዘንድሮ ላይደርስ ይችላል። ንግግሩ ግን ዘንድሮ ይጀመር።

"ሰው ይዋሻል" የሚለውን መልስ ከወዲሁ ይሰማኛል። አዎ፣ የሚያጋንን አይጠፋም። በወረቀቱም ዘመን "ሙሉ በሙሉ ወድሟል" የምትለውን ሐረግ ብዙ ጊዜ ተይቤያታለሁ። ፎርሙ ቢያንስ ፎቶ ይጠይቃል። የአምናውን ፎቶ ለሚልከው ደግሞ መተግበሪያው ከጋለሪ ሳይሆን እዚያው በካሜራ የተነሳውን ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ከተመዘገቡት ውስጥ የተወሰኑትን ሳያስታውቁ በዕጣ መርጦ ሄዶ ማየት ነው። እድሩም ያረጋግጥ። ጎረቤት ፊት ውሸት ይከብዳል። ለጥቂት ውሸታም ብሎ ሁሉንም በኮሚቴ ማስጠበቅ ግን እስከ ዛሬ ያየነው ነው።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር ልበል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስም፣ ስልክና የፈረሰ ቤቱ ፎቶ ዝርዝር ሆኖ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መንሸራሸር የለበትም። እርዳታ ሲሰጥም ሰውን ቆርቆሮ አሸክሞ ፎቶ ማንሳት ባይኖር ደስ ይለኛል። ይህች የግሌ አስተያየት ናት።

አጭበርባሪም አለ። እውነተኛው ሊንክ በወጣ ማግስት ሐሰተኛው ይወጣል። "የንፋስ ተጎጂዎች ድጋፍ፣ ለማግኘት የቴሌብር ፒን ያስገቡ" የሚል ይመጣል፤ አትጠራጠሩ። ስለዚህ እውነተኛው ፎርም ፒን፣ የባንክ የይለፍ ቃል ወይም የመመዝገቢያ ክፍያ መቼም እንደማይጠይቅ አስቀድሞ ይነገር። በመስጊድም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በእድር ስብሰባም ይነገር። ሊንኩ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ባለበት ወረቀት ከነኪውአር ኮዱ ይለጠፍ።

ፎርሙ እንደተላከ ቁጥር ይመለስ። "ደርሶናል፣ የመዝገብ ቁጥርዎ ይህ ነው" የምትል አጭር መልእክት ትበቃለች። ሰውየው ቁጥሩን ይዞ ወደ ቀበሌ ቢሄድ ጉዳዩ ከየት እንደደረሰ ይነገረው። ይህ እንዲሆን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ፎርሙን በየጠዋቱ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈለት፣ ዓመት ፍቃድ ሲወጣ ተተኪ ያለው። "ትርፍ ሰዓት ሲኖረኝ አየዋለሁ" የሚል አይሆንም። ማን እንደሚያነበው ሳይወሰን ሊንኩን ባትለቁት ይሻላል። ማደሪያ የለኝም ያለ ሰው መልእክት ሰኞ እስኪከፈት ቅዳሜና እሑድ ካደረ ፎርሙ ለምን ኖረ?

በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ስንት አመለከተ፣ ስንት ታየ፣ ለስንቱ ምን ተደረገ። ድጋፍ ከሌለም ይጻፍ። "ታይቷል፣ ለጊዜው ቆርቆሮ የለም" መልስ ነው። እንዲህ የተባለ ሰው ፊቱን ወደ ዘመዱ ያዞራል፣ እቁቡን አስቀድሞ ያወጣል። "ነገ ተመለስ" የተባለው ግን ሥራውን ትቶ ይመላለሳል።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠቅመው ለቆርቆሮ ዕደላ ብቻ አይደለም። የኦሮሚያው የመረዳጃ ተቋም ቡሳ ጎኖፋ ድጋፍ ሲያሰባስብ ስንት ቤት፣ የት፣ ምን ያህል የሚለው በእጁ ይሆናል። መብራት ኃይል ያዘመሙትን ምሰሶዎች ዝርዝር ያገኛል። የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ውኃ የገባባቸው ቤቶች በካርታ ላይ ሲደረደሩ የትኛው ቱቦ በላስቲክና በሃይላንድ እንደተደፈነ ራሱ ካርታው ያሳያል። መንገድ ላይ የወደቁት ዛፎች ከየት እንደወደቁ ይታወቃል፤ ቀድሞ መከርከም ያለበትም እንዲሁ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ጠርዙ ላይ ምስማር በቆጠቡት ጣሪያዎች ላይ የሆነውን አይቶ ለአናጢዎች አንድ ገጽ ምክር ማውጣት ይችላል። ጅማ ውስጥ ጎበዝ አናጢ ሞልቷል። ምስማር የሚያስቆጥባቸው የባለቤቱ ኪስ ነው።

ሁሉንም ቀበሌ በአንድ ቀን አትጀምሩ። ከመሀል ከተማ አንድ፣ ከዳር አንድ መርጣችሁ በየካቲት ሞክሩት፤ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር። ፎርሙን የሠራው ባለሙያ ሳይሆን ፎርም አይተው የማያውቁ ሰዎች ይሙሉት። የት ላይ እንደቆሙ፣ የቱን ጥያቄ ደጋግመው እንዳነበቡ ከጎናቸው ተቀምጦ የሚያይ ይኑር። መብራት ባጠፋችሁበት ሰዓትም ሞክሩት። ያልሠራውን አስተካክላችሁ መጋቢት ሳይገባ ልቀቁት።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ባለሙያ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለየሰፈሩ እድር ጸሐፊዎች፤ ከአባል መዝገባችሁ ላይ የስልክ ቁጥሩን እንድታድሱ።
ለጅማ ዩኒቨርሲቲ፤ ተማሪ ወደ ሰፈር የምትመድቡበትን ጊዜ ከበልጉ ጋር እንድታስተያዩት።
ለቴሌግራም ግሩፕ አድሚኖች፤ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ያላያችሁትን ሊንክ እንዳታጋሩ።